ውባለም ዳንግላ ላይ የተነሳችው ፎቶግራፍ

የእንዶድ ሽታ ከየት እንደሚመጣብኝ አላውቅም። እዚህ እንጅባራ ከተማ ውስጥ ዛሬ በእንዶድ ልብስ የሚያጥብ ሰው የለም፣ ሳሙናው በየሱቁ ተደርድሯል፤ ሆኖም ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራና የጠዋቱ ብርድ አፍንጫ ሲቆነጥጥ፣ ያ ጉሮሮ የሚከረክር፣ የሚያስነጥስ የተወቀጠ እንዶድ ሽታ ድንገት ይመጣና ልጅነቴን ይዞብኝ ይገባል። አብሮት የሚመጣው የወንዙ ድምፅ፣ ድንጋይ ላይ የሚረገጥ እርጥብ ቀሚስ፣ እስከ ክርኗ የተገለጠ የእናቴ ክንድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእህቴ የውባለም ሳቅ ነው።

የተወለድኩበት መንደር፣ ያኔ ሰው ሁሉ ኮሶበር ይለው ከነበረው ከእንጅባራ በእግር ጠዋት ተነስቶ ፀሐይ ሳትጠነክር የሚደረስበት፣ ቤቶቹ በቀርከሃ አጥር የተከበቡ፣ ክረምት ከበጋ ጉም የማይለየው ደጋ ነበር። ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ የተወለደ ልጅ ለትዳር የሚደርስበት ያህል ዓመት አልፏል። አባቴ ገብስና ድንች የሚያመርት፣ ከሰው ይልቅ ከፈረሱ ጋር የሚነጋገር የሚመስል ዝምተኛ ገበሬ ነበር። እናቴ ግን አፏ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ከአባቴ እናት ከእማሆይ ጋር በአገውኛ፣ ገበያ ወጥታ በአማርኛ፣ ከዶሮና ከጥጃ ጋር ደግሞ በሁለቱም ታወራ ነበር። እማሆይ ባላቸው ሲሞቱ የመነኮሱ፣ ቢጫ ቆባቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ነበሩ፤ በቤታችን የሳቸው ቃል እንደ ቄስ ቃል ይፈራ ነበር።

በእኔና በውባለም መካከል የተወለዱት ልጆች ሁሉ አልቀው ስለነበር ውባለም ለኔ እህትም ሁለተኛ እናትም ነበረች። «እትዬ» ነበር የምላት። ሳቂታ ነበረች። ምን እንደሚያስቃት ብዙ ጊዜ አይገባኝም፤ ጥጃ ጠልፎ ሲጥላት ትስቃለች፣ ቄሱ ሲያስነጥሱ ትስቃለች፣ ሳቋን ልትደብቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ብታደርግም ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ያጋልጣት ነበር። እናቴ «ሰው ቤት ገብተሽ እንዲህ ስትገለፍጪ አማትሽ ምን ይሉሽ ይሆን?» እያለች ትቆጣትና፣ ቁጣዋን ሳትጨርስ እሷም አብራት ትስቅ ነበር።

አንድ መኸር፣ ገብሱ ታጭዶ ገና ሳይወቃ፣ ከጫግኒ ሽማግሎች መጡ። አባቴ በእህልና በፈረስ ንግድ የተዋወቃቸው አንድ ባለ ሰፊ መሬት ሰው ለልጃቸው ውባለምን ፈልገው ነበር የላኩት። ሽማግሎቹ ተስተናግደው ከሄዱ በኋላ እናቴ ሥራዋን ሁሉ ትታ ምሰሶው ሥር ተቀመጠች።

«ደጋ ያደገች ልጅ ቆላ ወርዳ ምን ልትሆን ነው? ንዳዱን አታውቀውም?» አለችው አባቴን።

አባቴ «እህሉ ያለው እዚያ ነው» አለ። «እዚህ ቆርሼ የምሰጣት መሬት የለኝም። ሰውየው ደግ ነው፣ ልጁም ጨዋ ነው።»

ነገሩ በዚያው አለቀ፤ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። እናቴም ሐዘኗን ወደ ጥጥ አዞረችው። ያን በጋ በቤታችን የማይቋረጥ ድምፅ ቢኖር የእንዝርት ድምፅ ነበር፤ ከብት ስትጠብቅ ትፈትላለች፣ ጎረቤት ስትጠይቅ ትፈትላለች፣ እኔን እየመከረች፣ እማሆይን እየሰማች ትፈትላለች። ድሩ ሲበቃ ለሸማኔ ተሰጠ። ሸማኔው «ለሙሽራ ቀይ ጥለት ነው የሚያምረው» ቢልም ውባለም አረንጓዴ ካልሆነ ብላ እምቢ አለች፤ የነሐሴ ገብስ ዓይነት አረንጓዴ። እናቴ ያን ቀለም ለማግኘት ስንት ገበያ እንደዞረች አምላክ ይወቀው፣ ግን አገኘችው። ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲመጣ እጅጌው እስከ አንጓዋ የሚደርስ፣ ከወገቡ በታች ሰፋ ብሎ የሚወርድ፣ አረንጓዴው ጥለት በደረቱና በግርጌው ዙሪያውን የሚሄድ ነበር። መቀነቱና ነጠላውም በዚያው ጥለት ተሠሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ታጥቦ የተሰጣ ዕለት ነጭነቱ ዓይን ይወጋ ነበርና ከአጥሩ ላይ ሆኖ ለመንደሩ ሁሉ ታየ።

የፎቶግራፉ ሐሳብ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። በመንደራችን ፎቶግራፍ ያለበት ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ ልጃቸው ወታደር ሆኖ ሐረር የሄደባቸው ጎረቤታችን ሴትዮ ልጁ የላከላቸውን ፎቶ ምሰሶ ላይ ሰቅለው ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ይሉት ነበር። እናቴ ያን በቅናት ታይ ነበር። ኋላ ላይ ከዳንግላ ገበያ የተመለሰ ሰው፣ በገበያው ዳር ሰውን ወረቀት ላይ የሚያስቀር ባለ ሳጥን ሰውዬ መምጣቱን ሲያወራ ሰማችና እንቅልፍ አጣች። ለአባቴ ስትነግረው እማሆይ ከመደባቸው ላይ ሆነው ሰሙ።

«ሰው ጥላው ከተያዘ ዕድሜው ተያዘ ማለት ነው» አሉ። «ሙሽራ ደግሞ ያለዚያም ዓይን ይበዛባታል። ተይ አንቺ ልጅ!»

እናቴ አማቷን መልሳ ተናግራ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ግን እንዝርቷን አስቀምጣ «እማሆይ» አለቻቸው ቀስ ብላ፣ «እርስዎ ልጅዎ በደጅዎ ነው ያለው፤ ሲገባ ሲወጣ ያዩታል። የኔ ልጅ ወንዝ ተሻግራ ልትሄድ ነው። በናፈቀችኝ ጊዜ መልኳን ከየት ላምጣው?»

እማሆይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አባቴ ተነስቶ ወጥቶ የኮርቻውን አቧራ ማራገፍ ጀመረ። ይህ የሱ እሺታ ነበር።

ከገበያው ዕለት በፊት ባለው ቀን ጎህ ሲቀድ ተነስተን፣ አባቴ ፈረሱን እየሳበ፣ እናቴና ውባለም በየተራ እየተቀመጡ፣ እኔ መንገዱን ሁሉ ከፊት ተፈናጥጬ፣ ዳንግላ ዘመድ ቤት ሄደን አደርን። ማለዳ ላይ እናቴ የውባለምን ሹሩባ እንደገና አስተካክላ፣ በእንሶስላ የሞቁ እጆቿን አገላብጣ አይታ፣ የራሷን የብር አልቦ ከእግሯ አውልቃ ለሷ አደረገችላት። ገበያው ውስጥ ስናልፍ ጋሪዎች እየተንጓጉ፣ ፈረሶች እያሽካኩ፣ ሰው እየተጋፋ ነበር፤ ውባለም ግን ቀሚሷን ጭቃ እንዳይነካባት በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ትከሻዋ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ትሄድ ነበር።

ፎቶ አንሺው ከአንድ ሱቅ በረንዳ አጠገብ ሸራ ወጥሮ ነበር። ሸራው ላይ ሐይቅ፣ ዘንባባና ባለ ፎቅ ቤት ተሥሏል። ከፊቱ በሦስት እግር የቆመ የእንጨት ሳጥን፣ ከሳጥኑ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ፣ ከሥሩ ደግሞ ውሃ የሞላ ባልዲ አለ። ሰውየው ኮት የለበሰ፣ ጣቶቹ በመድኃኒት ብዛት የጠቆሩ፣ አነጋገሩ የሸዋ የሆነ ሰው ነበር። ውባለምን ከእግር እስከ ራሷ አየና ወደ ኋላ ሄዶ ጉርድ ቀሚስ፣ ባለ ተረከዝ ጫማና አንዲት ጥቁር ቦርሳ ይዞ መጣ።

«እህቴ፣ ይኸውልሽ የከተማ ልብስ። እዚህ የሚነሱት ሁሉ ይህን ለብሰው ነው። ቦርሳዋንም ትይዣለሽ።»

ውባለም ጫማውን ተቀብላ እግሯን ሰደድ አደረገችና ስትወላገድ ሳቋ ፈነዳ። ዓይኗ ውስጥ ግን ፍላጎት ነበር፤ ልጅ ነበረች፣ ማን ይፈርድባታል። እናቴ ጫማውን ከእግሯ አውልቃ ለሰውየው መለሰችለት።

«ልጄን የማውቃት በልብሷ ነው» አለችው። «በሰው ልብስ ካነሳህልኝማ የሰው ልጅ ይዤ መመለሴ ነው።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «እንዳሉ ይሁን እናቴ። እርስዎም አጠገቧ ይቁሙ፤ አብራችሁ ትነሳላችሁ።»

«እኔ የትም አልሄድም» አለች እናቴ። «የምትሄደው እሷ ናት።»

ወንበር ቀረበና ውባለም እጇን መደገፊያው ላይ አድርጋ አጠገቡ ቆመች። እናቴ ተንበርክካ የቀሚሱን ግርጌ ዘረጋችው፣ አልቦው እንዲታይ ከፍ አደረገችው፣ ነጠላውን ጥለቱ ወደ ፊት እንዲወድቅ አስተካከለች። ከገበያተኛው አንዲት የማናውቃት ሴት ማንም ሳይጠራት መጥታ የመቀነቷን ጫፍ ወደ ጎን ሳብ አደረገችላት፤ ሌላዋ «ማተቧ ይታይ፣ ማተቧ!» አለች። ሰውየው ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ራሱን አውጥቶ «አሁን አትንቀሳቀሺ፣ አትሳቂ፤ ከሳቅሽ ይበላሻል» አላት። ውባለም አየችኝና ከንፈሯን ነከሰች። ሰውየው ምክንያቱ እኔ እንደሆንኩ ገባውና «ያቺን ልጅ ዞር አድርጉልኝ» አለ። አባቴ ትከሻዬን ይዞ ወደ ገበያው አዞረኝ፤ ስለዚህ ያቺን ደቂቃ አላየኋትም። ያየሁት የታሰሩ ዶሮዎችና የተከመረ በርበሬ ነው።

ስዞር ሰውየው እጁን ሳጥኑ ውስጥ ከቶ ሲታገል ቆይቶ፣ ውሃ የሚንጠባጠብ ወረቀት አወጣ። እናቴ ቸኩላ ተጠጋችና ወዲያው እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«በስመ አብ! ምነው ጥቁር አለበስካት?»

እውነትም ወረቀቱ ላይ ያለችው ሴት ከአንገቷ እስከ እግሯ የሐዘንተኛ ጥቁር የለበሰች፣ ፀጉሯ እንደ አሮጊት የነጣ ነበር። ሰውየው ሳቀ። «ይታገሡ እናቴ፣ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ነጩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ነጭ አድርጎ ነው የሚያወጣው። እንደገና ሳነሳው ይስተካከላል» አለና ያን ወረቀት ከሳጥኑ ፊት ለጥፎ መልሶ አነሳው። ሁለተኛው ወረቀት ከባልዲው ሲወጣ ውባለም ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ቆማ ነበር፤ አረንጓዴው ብቻ ጠፍቶ ጥለቱ ጥቁር ሆኗል። እናቴ በረዥሙ ተነፈሰች። ፊቷ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም፣ ቤት እስክንደርስም ስለ መጀመሪያው ወረቀት አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ለእማሆይ እንዳልነግርም በዓይኗ አስጠነቀቀችኝ።

ከመሄዳችን በፊት ፎቶውን ብርሃን ላይ ይዛ አገላብጣ አየችውና «እሷስ እሷ ናት» አለችው ሰውየውን፣ «ግን ሳቋን የት አደረግኸው?»

እሱም መጀመሪያ የቀለደች መስሎት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሳቅ አይያዝም እናቴ። ቆሞ አይጠብቅም።»

ጥምቀት አልፎ ሠርጉ ደረሰ። ውባለም ያንኑ ቀሚስ ለብሳ፣ ፊቷ ተሸፍኖ በቅሎ ላይ ተቀመጠች፣ ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ቁልቁል ይዘዋት ወረዱ፣ እናቴም የቀርከሃውን በር ይዛ ጉሙ እስኪውጣቸው ቆመች። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ለመልስ ከባሏ ጋር መጥታ ነበር። ፊቷ በቆላው ፀሐይ ጠቁሯል፣ ሳቋ ግን አልተለወጠም፤ ባሏ ቀልድ አዋቂ ሆኖ ኖሮ እንዲያውም ጨምሯል። እናቴ ያንን አይታ መጽናናት ጀመረች። ሲሄዱ ውባለም አንገቴን አቅፋ «መስከረም ሲጠባ እመጣለሁ፤ እንዶዱን ብቻሽን እንዳትወቅጪ፣ ጠብቂኝ» አለችኝ።

ክረምቱ ገባ። የኛ አገር ክረምት ሰማይ ተቀዶ የማይሰፋበት ነው፤ ወንዞቹ ሞልተው መንገዱ ሲቆረጥ ከጫግኒ የሚመጣ ነጋዴም ወሬም አልነበረም። እናቴ ፎቶውን ከሙዳይዋ እያወጣች፣ የተጠቀለለበትን ጨርቅ እየፈታች፣ በር ላይ ባለው ብርሃን ታየው ነበር። መጀመሪያ እንደ ጎረቤታችን ሴትዮ «እንዴት አደርሽ?» ትላት ነበር፤ ቆይታ ስለ ላሟ፣ ስለ ዝናቡ፣ እኔ ስላጠፋሁት ጥፋት ሁሉ ታወራት ጀመር። እማሆይ በዚያ ሰዓት ዳዊታቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ይገቡ ነበር።

መስከረም ጠባ፣ መስቀል አለፈ፣ ውባለም አልመጣችም። «መንገዱ ገና አልደረቀ ይሆናል» ተባለ። እኔም እንዶዱን ሳልወቅጥ ጠበቅኋት።

በጥቅምት አንድ ቀን ማለዳ፣ እናቴ ደጅ ወጥታ ላሟን ልታልብ ስትል፣ ከአጥሩ ውጭ የተሰበሰቡ ሰዎች አየች። ቄሱ ነበሩ፣ የአባቴ ወንድም ነበረ፣ የወታደሩ እናትም ነበሩ። ማንም «እንዴት አደራችሁ» አላለም።

«ምን ሆናችኋል? ምነው አትገቡም?» አለቻቸው።

ቄሱ አንድ እርምጃ ቀርበው «ልጄ፣ ሰጪም ነሺም እሱ ነው...» ሲሉ እናቴ ወተት የምታልብበትን ዕቃ ጣለችው።

«የቷ?» አለች። «የቷ ልጄ?»

ያን ብላ ዞር ስትል እኔን ደፍ ላይ ቆሜ አየችኝ። እዚያው ቆሜያለሁ፣ ደኅና ነኝ። ሌላ ልጅ እንደሌላት ገባት። ያን ጊዜ ያወጣችውን ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም።

ንዳድ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ቆላውን ሁሉ አጥቅቶ፣ እሷን ይዞ ሳይለቃት ቀርቶ፣ መልእክተኛው እኛ ዘንድ እስኪደርስ በጫግኒ ቤተ ክርስቲያን ተቀብራ አፈሯ ደርቆ ነበር። ባሏም ታሞ ተኝቶ ስለነበር ልብሷን ይዞ ሊመጣ አልቻለም። በኛ አገር ሰው ሲሞት ልብሱ ለቅሶው መካከል ይዘረጋል፣ ሰው እሱን እያየ ያለቅሳል። ለቅሶው በተሰበሰበ ዕለት፣ ሜዳው ላይ ሰው ሞልቶ፣ እናቴ ከቤት ሊያወጧት የመጡትን ሴቶች «በምን ላልቅሳት?» እያለች ትጠይቅ ነበር። «ሬሳዋን አላየሁ። መቃብሯን አላየሁ። ልብሷ እንኳ የለኝ። በምን ላልቅሳት?»

በመጨረሻ ወደ ጓዳ ገብታ ፎቶውን ይዛ ወጣች።

እማሆይ ከመደቡ ተነሱ። በሙሉ ቁመታቸው ቀጥ ብለው ሲቆሙ አይቻቸው የማውቅ አይመስለኝም። «ይኸው የበላት!» አሉ። «ጥላዋን አሲዛችሁ ላካችኋት! ክተችው እሳት ውስጥ፣ ክተችው! ሌላዋንም ሳያስከትል!»

እናቴ ደርቃ ቀረች። ዓይኗ ወደኔ መጣ፤ የምታስበውን አወቅሁ፤ ዳንግላ ላይ ከባልዲው የወጣችውን ያቺን ጥቁር የለበሰች ሴት ነበር የምታስበው። ከቤት ውስጥ ከኔና ከሷ በቀር ስለዚያ የሚያውቅ አባቴ ብቻ ነበር። ወደ ምድጃው አንድ እርምጃ ተራመደች፣ ከዚያ ሌላ። ጎንበስ ስትል አባቴ ከኋላዋ መጥቶ ፎቶውን ከእጇ ወሰደው።

አባቴ ከዳንግላ ከተመለስን ጀምሮ ያን ወረቀት አንድም ቀን ሲያየው አላየሁትም ነበር። አሁን ግን በር ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየጠበቀው፣ ረዥም ጊዜ አየው።

«እማ» አለ እናቱን። «ልጄን የገደላት ንዳድ ነው። ቆላ የሰጠኋትም እኔ ነኝ። ይህች ወረቀት ምንም አላደረገችም።»

ፎቶውን ፊቱ ወደ ሰው እንዲሆን አድርጎ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያዘውና ወደ ሜዳው ወጣ። በመንደራችን ለቅሶ ላይ ፎቶግራፍ ይዞ የወጣ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ሰው መጀመሪያ ምን እንደያዘ አልገባውም፤ ኋላ አንዷ «እሷ ናት!» ብላ ጮኸች፣ ጩኸቱም ከዳር እስከ ዳር ሄደ። አባቴ ክቡን እየዞረ፣ እያንዳንዱ ሰው ፊት ቆም እያለ፣ ያ ዝምተኛ ሰው እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ ልጁን አሳየ። አልቃሿ ሴት ከበሮውን በእጇ ዝም አሰኝታ ቆየችና ድምፅዋን አወጣች፤

«ደጋ የበቀለች ቆላ ወርዳ ቀርታ፣
እናቷን ታያለች ወረቀት ላይ ወጥታ።»

ለቅሶው ሲበተን ሴቶቹ ወደ ቤት እየገቡ ፎቶውን አንድ በአንድ ተቀባበሉት። ሸማኔው የሠራውን ጥለት በጣታቸው እየተከተሉ፣ «መቀነቷ እንዴት አምሮባት ነበር»፣ «ይህ የእናቷ አልቦ ነው» እያሉ ይነጋገሩ ነበር። ጥለቱ ጥቁር መስሏቸው የጠየቁም ነበሩ። እናቴ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ለያንዳንዷ «አረንጓዴ ነው፣ አረንጓዴ ነው፤ እሷ ናት የመረጠችው» እያለች ትመልስ ነበር።

ከዚያ በኋላ በቤታችን የውባለም ስም አልተጠራም። ማንም እንዲህ ይሁን ብሎ አላወጀም፤ አንዴ እኔ አምልጦኝ ስጠራው እናቴ የያዘችውን ዕቃ አስቀምጣ ወጥታ እስኪመሽ አልተመለሰችም፣ ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ተጠነቀቅን። ከታች ሠፈር በዚሁ ስም የምትጠራ ሌላ ልጅ ነበረች፤ እናቷ እንኳ በኛ ደጅ ሲያልፉ «አንቺ ልጅ» ነበር የምትላት። ስለ እህቴ ማንሳት የግድ ሲሆን «ያቺ» እንል ነበር፣ «ያቺ የተከለችው ጌሾ»፣ «ያቺ በሄደች ዓመት»። ጎረቤቱም እንዲሁ።

እናቴ ፎቶውን መሳም ልማድ አደረገች። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ስትመለስ ከሙዳይ አውጥታ ትስመዋለች፣ ማታ ስትተኛ ትስመዋለች፣ በበዓል ቀን ቅቤ የተቀባ ራሷን ዝቅ አድርጋ ጉንጯን ታስነካዋለች። እማሆይ ግን ለዓመታት ዞረው አላዩትም። ዓይናቸው ጠፍቶ፣ አልጋ ላይ ውለው፣ የመጨረሻቸው በቀረበ አንድ የበልግ ቀን እናቴን አስጠሯትና «ያቺን ልጅ አምጪልኝ» አሏት። እናቴ ምን እንደፈለጉ ገብቷት ፎቶውን እጃቸው ላይ አደረገችላቸው። በሻካራ ጣታቸው ወረቀቱን ቀስ ብለው ዳሰሱት፣ አዙረው ዳሰሱት።

«የቱ ጋ ነው ፊቷ?» አሉ።

እናቴ ጣታቸውን ይዛ ወሰደችላቸው። እማሆይ ጣታቸውን እዚያ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። «እኔም ወድጃት ነው» አሉ በአገውኛ። «ፈርቼላት ነበር።» እናቴ እጃቸውን ሳመች፤ በሁለቱ መካከል ያን ያህል ጊዜ የቆየው ዝምታ በዚያ ሲፈርስ አየሁ። እማሆይ ሳምንት አልቆዩም።

ዓመታቱ እንዲህ አለፉ። አባቴ ሞተ፣ እኔ አግብቼ እንጅባራ ከተማ ገባሁ፣ ወለድኩ፣ እናቴ በስተርጅናዋ እኔ ዘንድ መጥታ፣ ሙዳይዋን ከራስጌዋ አድርጋ ኖራ፣ እሷም በጊዜዋ ሄደች። ፎቶው ለኔ ቀረ። የመጀመሪያ ቀን ብቻዬን ሆኜ ከጨርቁ ስፈታው ፊቷ የለም። ያን ሁሉ ዓመት የእናቴ ከንፈር ያረፈበት ቦታ፣ እንባና ቅቤ የነካው ቦታ፣ እንደኛ አገር የጠዋት ጉም ነጥቶ ቀርቷል። ከአንገቷ በታች ግን ሁሉም አለ፤ የቀሚሱ እጥፋት፣ የመቀነቱ ጫፍ፣ ያች የማናውቃት ሴት ሳብ ያደረገችው ቦታ ሳይቀር፣ ወንበሩን የያዘው እጇ፣ የእናቴ አልቦ። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለእህቴ ይሁን ለእናቴ ግን አላውቅም።

ባለፈው ዓመት የጥንት አለባበስ የሚያጠና አንድ ወጣት ከልጄ ሰምቶ ቤቴ መጣ። ትሑት ልጅ ነው፤ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ። የድሮ ሴቶችን ፎቶግራፍ እየዞረ ይሰበስባል፤ ልብሱ እንዴት እንደነበር፣ ማን እንደሸመነው፣ ማን እንደጠለፈው እየጠየቀ። ፎቶውን ሲያይ ዓይኑ በራ። «እንዲህ ያለ ልብስ በፎቶ አይቼ አላውቅም» አለኝና በስልኩ ብዙ ጊዜ አነሳው። እኔም ነገርኩት፤ ጥጡን፣ እንዝርቱን፣ ሸማኔውን፣ ጥለቱ ጥቁር መስሎ ቢታይም አረንጓዴ እንደነበረ፣ የነሐሴ ገብስ ዓይነት አረንጓዴ። አንድም ነገር እንዳያመልጠው ከልቡ ያዳምጥ ነበር። ልጄና ምራቴም፣ የልጅ ልጆቼም ዙሪያዬን ከበው ሰሙ፤ ለነሱም አዲስ ነበር።

ሊነሳ ሲል «ስማቸውስ ማን ነበር?» አለኝ።

ውባለም አልኩት። ከአፌ ከወጣ ብዙ ጊዜው ነበርና ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፣ ወደ በሩም ዞር አልኩ፤ የልጅነት ልማድ ነው። ወጣቱ እንዳልሳሳት ብሎ ሊያረጋግጥ «ውባለም?» አለ፣ የልጅ ልጄም ስሙ አምሯት ኖሮ ደጋገመችው፣ ውባለም፣ ውባለም እያለች በግቢው ዞረች። ያኔ በኛ ቤት ይህን ስም በሹክሹክታ እንኳ ብንጠራው ሥራዋን ጥላ የምትወጣ ሰው ነበረች። አሁን የፈለግነውን ያህል ጮክ ብለን እንጠራዋለን፤ የሚከፋው ሰው በቤቱ የለም።